የአቶምን ቅንጣቶች ማን አያቸው? ስለ ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኬሚስትሪ በማስተምርባቸው ዓመታት ስለ አቶም በጀመርኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣል፦ «መምህር፣ ይህን ነገር በዐይኑ ያየ ሰው አለ?» ክፍሉ ይስቃል፤ እኔ ግን አልስቅም፤ ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ እሱ ነውና። የመማሪያ መጻሕፍት ሦስቱን ቅንጣቶች በአንድ ሰንጠረዥ ደርድረው ያልፋሉ፣ ተማሪውም እንደ ገበያ ዝርዝር ይሸመድዳቸዋል። ያልታየ ነገር እንዴት እንደ ተለየ የሚነግረው የለም። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ከተማሪዎቼና ልጆቻቸውን ከሚያስጠኑ ወላጆች ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ፣ አቶም ከምን ከምን የተሠራ ነው?

ከፕሮቶን፣ ከኒውትሮንና ከኤሌክትሮን። ፕሮቶንና ኒውትሮን መሐል ላይ ተጨናንቀው አስኳሉን ይሠራሉ፤ ኤሌክትሮኖች ከአስኳሉ ውጭ ናቸው። ተራው ሃይድሮጅን ብቻ ኒውትሮን የለውም፤ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ይበቁታል።

ሦስቱን በምን እንለያቸዋለን?

በሁለት ነገር፦ በኤሌክትሪክ ሙላቸው (ቻርጅ) እና በመጠነ ቁሳቸው (ማስ)። ፕሮቶን አዎንታዊ ሙል አለው፣ ኤሌክትሮን በልኩ እኩል የሆነ አሉታዊ ሙል አለው፣ ኒውትሮን ምንም ሙል የለውም። በመጠነ ቁስ ደግሞ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተቀራራቢ ናቸው፤ ኒውትሮን በጥቂቱ ይበልጣል። ኤሌክትሮን ግን ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። አንድ ፕሮቶን 1,836 ኤሌክትሮኖችን ያህላል። ኤሌክትሮን 1 ግራም ቢሆን ኖሮ ፕሮቶን ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ነገር ይሆን ነበር። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ተለቅሞ ሚዛን ላይ ቢወጣ፣ 70 ኪሎ ከሚመዝን ሰው የሚገኘው 20 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ፈተና ላይ የሚወደድ ጥያቄ አለ፦ ሦስቱ በእኩል ፍጥነት ሙል ባላቸው ሁለት ሳህኖች መካከል ቢያልፉ ምን ይሆናሉ? ኤሌክትሮን ወደ አዎንታዊው ሳህን በኃይል ይታጠፋል። ፕሮቶን ወደ አሉታዊው በጥቂቱ ብቻ ዘንበል ይላል፤ ስለሚከብድ በቀላሉ አይጎተትም። ኒውትሮን ሳህኖቹ የሌሉ ያህል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ይህችን አንዲት ሥዕል የያዘ ተማሪ ቀጥሎ የሚመጣውን ታሪክ ግማሹን ይዟል።

የአቶም ፎቶ በኢንተርኔት አይቻለሁ። ታዲያ እንዴት አልታየም ይባላል?

ያያችሁት ምናልባት እ.ኤ.አ. በ1981 ጌርድ ቢኒንግና ሃይንሪሽ ሮረር ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ በሠሩት ዓይነት መሣሪያ የተገኘ ምስል ነው። መሣሪያው በብርሃን አያይም፤ ጫፏ እጅግ የሾለ መርፌ የቁሱን ገጽ ሳትነካ እያንዣበበች ጉብታውንና ስርጉዱን ትከተላለች። ዐይነ ስውር አንባቢ በጣቱ ብሬል እንደሚያነብ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጉብታ አቶም ነው፤ መርፌዋ የምታውቀው ግን ከላይ ያለውን የኤሌክትሮን ልባስ ብቻ ነው። ፕሮቶንና ኒውትሮን የተለዩት ከዚህ መሣሪያ ብዙ አሥርት ዓመታት ቀድሞ፣ በሌላ መንገድ ነው።

ታዲያ ኤሌክትሮን መኖሩ በምን ታወቀ?

ከኋላው ሆዱ የተነፋውን የድሮውን ቴሌቪዥን የምታስታውሱ፣ ሙከራው ለዓመታት ሳሎናችሁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያ ሆድ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ነው፤ ከጀርባው የሚነሣ የኤሌክትሮን ጅረት መስታወቱን ከውስጥ እየመታ ያበራዋል። በልጅነቴ ከተጣለ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያወጣሁትን ማግኔት ወደ ጎረቤታችን ቴሌቪዥን አስጠግቼ የዜና አንባቢው ፊት አረንጓዴ ሆነ። የጎረቤታችን ቁጣ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሳላውቀው የደገምኩት ግን የጄ. ጄ. ቶምሰንን ሙከራ ነበር።

ቶምሰን በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበር። በዘመኑ አየር በተመጠጠ መስታወት ውስጥ ከአሉታዊው ጫፍ የሚወጣ «የካቶድ ጨረር» የሚባል ነገር ይታወቅ ነበር፤ ምንነቱ ግን ያከራክር ነበር። ጀርመናውያኑ በብዛት እንደ ብርሃን ያለ ሞገድ ነው ይሉ ነበር፣ እንግሊዞቹ የቅንጣቶች ጅረት ነው ይሉ ነበር። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሄርዝ ጨረሩን በኤሌክትሪክ ሳህኖች ለማጠፍ ሞክሮ አልታጠፍ ብሎት ነበርና ሞገድ ባዮቹ ያሸነፉ መስለው ነበር። ቶምሰን ጥፋቱን አገኘው፦ መስታወቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ጋዝ የሳህኖቹን ኃይል እያከሸፈው ነበር። አየሩን በደንብ ሲያስመጥጠው ጨረሩ ታጠፈ፣ ያውም ወደ አዎንታዊው ሳህን። እንግዲህ ጨረሩ አሉታዊ ሙል አለው ማለት ነው።

ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ወደ አንድ ወገን፣ በማግኔት ወደ ተቃራኒው እየጎተተ ሁለቱን ሲያስተካክል የጨረሩን ፍጥነት አወቀ። ከፍጥነቱና ከመታጠፉ ልክ ደግሞ የሙሉንና የመጠነ ቁሱን ጥምርታ አሰላ። ቁጥሩ ከሃይድሮጅን አዮን (ሙል ከያዘ የሃይድሮጅን አቶም) ጥምርታ ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ።

የእኔ አድናቆት ግን ያለው ከዚህ በኋላ በተደረገው ላይ ነው። ጋዙን ቀየረ፤ ቁጥሩ ያው። ጨረሩ የሚነሣበትን ብረት ቀየረ፤ አሁንም ያው። ከየትኛውም ቁስ የሚወጣው ነገር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የሁሉም ቁስ አካል ነው ማለት ነው። «የማይከፈል» ተብሎ ስም የወጣለት አቶም እ.ኤ.አ. በ1897 በዚህ ተከፈለ። «ኤሌክትሮን» የሚለው ስም ግን የቶምሰን አይደለም፤ ጆርጅ ጆንስተን ስቶኒ የተባለው አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1891 ለኤሌክትሪክ ትንሿ ልክ ያወጣው ነው። ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር፦ ቶምሰን እጀ ደንባራ ነበር ይባላል። መስታወቱን የነፋውና ዕቃውን የሠራው ረዳቱ ኤብኔዘር ኤቨረት ነው።

ቶምሰን ጥምርታውን አገኘ። የኤሌክትሮን ሙል ብቻውን ስንት እንደሆነስ?

ይህን ያገኘው አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ነው፤ ቺካጎ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በዘይት ነጠብጣብ። ሽቶ እንደሚረጭ ዘይት በሁለት ሳህኖች መካከል ይረጫል፤ ነጠብጣቧ በክብደቷ ወደ ታች ትወርዳለች፣ በሳህኖቹ ኃይል ወደ ላይ ትሳባለች። ኃይሉን አስተካክሎ አየር ላይ ያቆማታል። ከዚህ በመነሣት ነጠብጣቧ የተሸከመችው ሙል ይሰላል። ከነጠብጣብ ነጠብጣብ ሙሉ ይለያያል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የአንድ ቁጥር ብዜት ነው። ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሳንቲሞች የያዙ ከረጢቶችን ሳትከፍቱ ብትመዝኑ፣ ልዩነታቸው ሁሉ በአንድ ሳንቲም ክብደት እየተሸራረፈ እንደሚመጣው ነው። ያቺ ሳንቲም ዛሬ በምናውቀው ልክ 1.602 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ (የሙል መለኪያ) ናት፤ የሚሊካን ቁጥር የአየሩን የመጎተት ልክ በጥቂቱ ስለሳተ ከዚህ ትንሽ ያንስ ነበር። ሙሉ ከታወቀ በቶምሰን ጥምርታ መጠነ ቁሱም ታወቀ፦ 9.109 × 10⁻³¹ ኪሎ ግራም።

አስኳሉስ እንዴት ተገኘ?

በመወርወርና የሚመለሰውን በመጠበቅ።

ከቶምሰን በኋላ የነበረው ግምት አቶም ዘቢብ የተበተነበት ዳቦ ይመስላል የሚል ነበር፤ ዳቦው አዎንታዊ ሙል፣ ዘቢቡ ኤሌክትሮን። ማንቸስተር የነበረው የኒውዚላንድ ተወላጅ ኧርነስት ራዘርፎርድ ይህን ዳቦ በአልፋ ቅንጣቶች ለመፈተሽ አሰበ። አልፋ ዛሬ እንደምናውቀው የሂሊየም አስኳል ነው፦ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን፣ በሰከንድ 15,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር። ወርቅ ከብረቶች ሁሉ ይልቅ ተቀጥቅጦ ስለሚሳሳ የወርቅ ቅጠል ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ1909 ሃንስ ጋይገርና ገና 20 ዓመቱ የነበረው ተማሪ ኧርነስት ማርስደን ጨለማ ክፍል ተቀምጠው፣ አልፋ ሲመታው ብልጭ የሚል ሰሌዳ ላይ በማይክሮስኮፕ አፍጥጠው ብልጭታ ቆጠሩ። ዐይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ መጀመሪያ መጠበቅ ነበረባቸው። ዛሬ ኮምፒውተር በሰከንድ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

አብዛኛው አልፋ ምንም እንዳልገጠመው አለፈ። ከ8,000 አንዱ ያህል ግን ወደ መጣበት ተመለሰ! ዳቦ አልፋን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1911 ራዘርፎርድ ስሌቱን አቀረበ፦ አዎንታዊው ሙልና መጠነ ቁሱ ከሞላ ጎደል በሙሉ አንዲት እጅግ ጠባብ ቦታ ላይ ተከማችቷል፤ የተቀረው ባዶ ነው።

እዚህ ላይ በቋንቋችን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። «አስኳል» ስንል እንቁላል ይታየናል፤ የእንቁላል አስኳል ግን የእንቁላሉን ጥሩ ድርሻ ይይዛል። የአቶም አስኳል እንደዚያ አይደለም። የሃይድሮጅን አስኳል አንዲት የጤፍ ፍሬ ብታህል፣ አቶሙ የእግር ኳስ ሜዳ ወርድ የሚያህል፣ 60 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሉል ይሆናል። ጤፏ መሐል ላይ ናት። በቀረው ሁሉ ውስጥ ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ቃሉን መቀየር አይቻልም፤ ለምደነዋል። ሥዕሉን ግን ከጭንቅላት ማውጣት ይገባል።

ፕሮቶንስ መቼ ተለየ?

አስኳል እንዳለ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ አስኳሉ ራሱ ከምን ተሠራ የሚል ነበር። ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው ሥራ አልፋ ቅንጣቶችን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ሲልክ የሃይድሮጅን አስኳል እየተፈናጠረ እንደሚወጣ አሳየ። ዕቃው ውስጥ ግን ሃይድሮጅን አልነበረም። ስለዚህ ከናይትሮጅኑ አስኳል ውስጥ ነው የወጣው፤ የሃይድሮጅን አስኳል የሌሎች አስኳሎች ጡብ ነው ማለት ነው። በዓመቱ «ፕሮቶን» ተባለ፤ በግሪክኛ «ፊተኛ» ከሚለው ቃል።

ፓትሪክ ብላኬት ይህንኑ ክስተት እ.ኤ.አ. በ1925 በፎቶግራፍ አሳየው። ዳመና ሣጥን በተባለው መሣሪያ፣ ቅንጣት በእርጥብ አየር ውስጥ ሲያልፍ እንደ አውሮፕላን ጭራ የጉም መሥመር ጥሎ ይሄዳል። ብላኬት ከ20,000 በላይ ፎቶ አንሥቶ፣ ከ400,000 በላይ መሥመሮች መካከል ናይትሮጅን ሲለወጥ የሚያሳዩ 8 መንታ መሥመሮች አገኘ። ስምንት!

ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1913 ወጣቱ ሄንሪ ሞዝሊ ንጥረ ነገሮች የሚሰጡትን ኤክስሬይ ለክቶ፣ እያንዳንዱ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ ያለው ተራ ቁጥር የአስኳሉ አዎንታዊ ሙል መሆኑን አረጋግጦ ነበር። ዛሬ አቶማዊ ቁጥር የምንለው እሱ ነው። ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ በ27 ዓመቱ ተገደለ።

ኒውትሮን ለምን ከሁሉ ዘግይቶ ተገኘ?

ሙል ስለሌለው። እስካሁን ያየናቸው ዘዴዎች ሁሉ ሙልን ይፈልጋሉ፦ በሳህን መሳብ፣ በማግኔት ማጠፍ፣ በዳመና ውስጥ መሥመር ማስጣል። ኒውትሮን ለአንዱም አይገዛም።

መኖር እንዳለበት ግን ቁጥሩ ይጮኽ ነበር። የሂሊየም አስኳል ሙል 2 ነው፣ መጠነ ቁሱ ግን የ4 ፕሮቶን ያህል ነው። የቀረው ሁለቱ ምንድን ነው? ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920 ሙል አልባ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል ተናገረ፤ ረዳቱ ጄምስ ቻድዊክም ለዓመታት ፈለገው። በመሐሉ ጀርመን ውስጥ ቦተ እና ቤከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቤሪሊየም የተባለው ብረት በአልፋ ሲመታ እርሳስ እንኳ የማያቆመው ሙል አልባ ጨረር እንደሚወጣ አዩ። ፓሪስ ላይ ኢሬን ዦልዮ ኩሪና ባለቤቷ ፍሬዴሪክ ዦልዮ ደግሞ ይህ ጨረር ሻማ በሚሠራበት ፓራፊን ላይ ሲያርፍ ፕሮቶኖችን እያፈናጠረ እንደሚያወጣ አሳዩ። ባልና ሚስቱ ጨረሩ ጋማ፣ ማለትም ብርቱ ብርሃን ነው ብለው ደመደሙ። ኒውትሮን በእጃቸው ነበር፤ በስሙ ሳይጠሩት አለፉ።

ቻድዊክ ይህን አላመነም። ለምን እንደሆነ ብይ የተጫወተ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ብይ በእኩያዋ ብይ ፊት ለፊት ስትመታ መቺዋ ትቆማለች፣ የተመታችው ፍጥነቷን ወስዳ ትሄዳለች። ትልቅ ድንጋይ ብትመታ ግን ድንጋዩ ብዙም አይነቃነቅም። ብርሃን ምንም ክብደት የሌለው ነገር ነው፤ ፕሮቶንን ያን ያህል ለማስፈንጠር ከቤሪሊየም ሊወጣ የማይችል ጉልበት ያስፈልገዋል። መቺው የፕሮቶን እኩያ ከሆነ ግን ሒሳቡ ያለ ችግር ይዘጋል። ቻድዊክ ጨረሩን ፓራፊን ብቻ ሳይሆን ናይትሮጅንና ሌሎች ቁሶች ላይ አሳርፎ ቀላሉ ስንት እንደሚፈናጠር፣ ከባዱ ስንት እንደሚፈናጠር አወዳደረ። የማይታየውን መቺ ከተመቺዎቹ ሩጫ መዘነው ማለት ነው። ክብደቱ ከፕሮቶን ጋር የሚቀራረብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1932 ግኝቱን በአጭር ደብዳቤ አሳወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ኒውትሮን ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ተጣብቀው የሚፈጥሩት ነገር አይደለም?

ብዙ ተማሪ እንዲህ ያስባል፤ በ1920ዎቹ ትልልቅ ሊቃውንትም ያስቡ ነበርና ማፈር አያስፈልግም። ግን አይደለም። የፕሮቶንና የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ሲደመር 1.6735 × 10⁻²⁷ ኪሎ ግራም ይመጣል፤ ኒውትሮን 1.6749 × 10⁻²⁷ ነው። ድምሩ ያንሳል። እውነት ነው፣ ከአስኳል ውጭ ብቻውን የቀረ ኒውትሮን በአማካይ በ15 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ወደ ፕሮቶን ይለወጣል፤ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ የተባለ ሙል አልባ ቅንጣትም ይወጣሉ። እነዚህ ግን በዚያችው ቅጽበት የሚፈጠሩ ናቸው፣ ውስጡ ተደብቀው የነበሩ አይደሉም። ከውሻ አፍ የሚወጣ ጩኸት ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ እንዳልነበረ ሁሉ።

የአንድን አቶም ቅንጣቶች በቁጥር እንዴት አውቃለሁ?

አቶማዊ ቁጥሩ የፕሮቶን ብዛት ነው። የመጠነ ቁስ ቁጥሩ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው፤ ሲቀነስ ኒውትሮን ይገኛል። አቶሙ ሙል ከሌለው ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ እኩል ነው። አቶማዊ ቁጥሩ 26፣ የመጠነ ቁስ ቁጥሩ 56 የሆነው ብረት (ብረት 56)፦ 26 ፕሮቶን፣ 30 ኒውትሮን፣ 26 ኤሌክትሮን።

ተማሪዎቼ የሚሰናከሉት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው አዮን ነው። በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም አንድ አዎንታዊ ሙል አለው ሲባል፣ ግማሹ ክፍል ፕሮቶን ይጨምርለታል። ፕሮቶን ቢጨመር ሶዲየም መሆኑ ቀርቶ ማግኒዚየም ይሆን ነበር! ፕሮቶኑ 11 እንደሆነ ነው፤ ኤሌክትሮን አንድ ጎድሎበት 10 ቀርቶታል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ 17 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን አለው። አቶም አዮን ሲሆን የሚሰጠውም የሚወሰደውም ኤሌክትሮን ብቻ ነው።

ሁለተኛው በሰንጠረዡ ላይ ያለው የነጥብ ቁጥር ነው። ክሎሪን 35.45 ይላል፤ ከዚህ 17 ቀንሶ «18.45 ኒውትሮን» የጻፈ ወረቀት በየዓመቱ አርማለሁ። የኒውትሮን ክፋይ የለም። 35.45 የመጣው ከአራት የክሎሪን አቶሞች ሦስቱ ያህል 18 ኒውትሮን፣ አንዱ ያህል 20 ኒውትሮን ስላላቸው ነው፤ አማካይ ነው።

የኒውትሮን ቁጥር መለያየቱ ምን ለውጥ ያመጣል?

እንዲህ በኒውትሮን ብቻ የሚለያዩ አቶሞች አይሶቶፕ ይባላሉ፤ በኬሚስትሪ ጠባያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የሚለዩት በክብደታቸው ነው፤ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ አዮኖችን በማግኔት እያጠፈ ቀላሉን በሰፊው፣ ከባዱን በጥቂቱ ይበትናቸዋል። የቶምሰን ዘዴ ነው፣ ዕቃው ብቻ ዘምኗል።

ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ ድንቅነሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት ሲባል ቁጥሩ ከየት መጣ? ከአጥንቷ አይደለም፤ ከዙሪያዋ ካሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ነው። በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየም አቶሞች እጅግ ጥቂቶቹ ፖታሲየም 40 ናቸው፦ 19 ፕሮቶን፣ 21 ኒውትሮን። ይህ አቶም አንዳንዴ ከራሱ ኤሌክትሮኖች አንዱን ወደ አስኳሉ ይስባል፤ አንዱ ፕሮቶን ኒውትሮን ይሆናል። ቁጥሩ 18 ፕሮቶንና 22 ኒውትሮን ሆነ፤ ፖታሲየም መሆኑ ቀርቶ አርገን 40 የተባለ ጋዝ ሆነ። ቅላጩ ገሞራ ትኩስ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ያኔ ነው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ የተጠራቀመው አርገን ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ይለካል።

በአዲሱ ዘዴ ደግሞ ናሙናው መጀመሪያ የኑክሌር ማብለያ ውስጥ ገብቶ በኒውትሮን ይደበደባል። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ ኒውትሮን ተቀብሎ ፕሮቶን እያወጣ አርገን 39 ይሆናል፤ ስለዚህ ፖታሲየሙም አርገኑም በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ጊዜ ይቆጠራሉ። የቻድዊክ ሙል አልባ ቅንጣት የድንቅነሽን ዘመን ለማወቅ እንዲህ ያገለግላል።

ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት ነው የሚዞረው?

አይደለም። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. ከ1913 የዴንማርካዊው የኒልስ ቦር ሞዴል የቀረ ነው፤ ለመቁጠር ይመቻል። ኤሌክትሮን ግን መንገድ የለውም፤ እዚህ ወይም እዚያ የመገኘት ዕድል ነው ያለው፣ ዕድሉም እንደ ደመና በአስኳሉ ዙሪያ ተበትኗል። የሚያስቀው፣ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ እንደሚሠራ በሙከራ ካሳዩት አንዱ የቶምሰን ልጅ ጆርጅ ነው። አባት ቅንጣት መሆኑን አሳይቶ በ1906፣ ልጅ ሞገድ መሆኑን አሳይቶ በ1937 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ፕሮቶኖች እርስ በርስ እየተገፋፉ እንዴት አብረው ይኖራሉ?

ከመገፋፋቱ የሚበረታ፣ ጠንካራው የኑክሌር ኃይል የሚባል አያያዥ አለ። የሚሠራው ግን ሲነካኩ ያህል ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ኒውትሮኖች ይህን ኃይል ያዋጣሉ፣ መገፋፋት ግን አይጨምሩም፤ ለዚህ ነው ከባዱ አስኳል ብዙ ኒውትሮን የሚሻው። እርሳስ 208 ለ82 ፕሮቶን 126 ኒውትሮን አለው። ከእርሳስ በላይ ያሉት ንጥረ ነገሮች ግን ያ ሁሉ አያያዥ አልበቃቸውም፤ ይዋል ይደር እንጂ ይፈራርሳሉ።

ፕሮቶንና ኒውትሮን ራሳቸውስ ከምን ተሠሩ?

ከኳርኮች። ሐሳቡን መሬይ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ እ.ኤ.አ. በ1964 ለየብቻቸው አቀረቡት፤ ማስረጃው የመጣው ከ1968 ጀምሮ ስታንፎርድ በሚገኘው 3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የኤሌክትሮን ማፍጠኛ ነው። የራዘርፎርድ ሙከራ ተደገመ ማለት ይቻላል፦ ኤሌክትሮኖች ወደ ፕሮቶን ተወረወሩ፣ ከሚጠበቀው በላይ ብዙዎቹ በሰፊ ማዕዘን ተበተኑ፤ ፕሮቶን ውስጥም ጠጠር አለ።

ፕሮቶን ሁለት «አፕ» ኳርክና አንድ «ዳውን» ኳርክ አለው፤ ኒውትሮን አንድ አፕና ሁለት ዳውን። የአፕ ሙል አዎንታዊ 2/3፣ የዳውን አሉታዊ 1/3 ነው። ደምሩት፤ ፕሮቶን 1፣ ኒውትሮን 0 ይመጣል። ኳርክ ለብቻው ተነጥሎ ተገኝቶ አያውቅም። ደግሞ የሦስቱ ኳርኮች መጠነ ቁስ ቢደመር የፕሮቶኑን 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚሞላው፤ የቀረው የሚያያይዛቸው ኃይልና የእንቅስቃሴያቸው ጉልበት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ጸጥታ ይሆናል።

ኤሌክትሮን ውስጥስ?

እስከ ዛሬ በተደረገው መወርወርና መበተን ሁሉ ምንም አልተገኘም፤ ውስጥ እንዳለውም ምልክት አላሳየም። ስለዚህ ፈተና ላይ «ከሦስቱ የአቶም ቅንጣቶች መሠረታዊ የሆነው የትኛው ነው?» ቢባል፣ መልሱ መጀመሪያ የተገኘው ኤሌክትሮን ነው።